ሁለቴ የጠራ ፊት

መጋረጃው ሲገለጥ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል ተብሎ ነበር የታሰበው። የተሰማው ግን ከፊት ረድፍ የተቀመጠች አንዲት ሴት "ውይ!" ያለችው ብቻ ነው።

እሷም ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ አንዱ ማጨብጨብ እንዳለበት ትዝ አለውና አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጭብጨባ ሲያዝን ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ እንዲያ ነበር። ከመድረኩ በላይ በር የሚያህል ፎቶ ተሰቅሏል። በፎቶው ላይ ያሉት ሴትዮ የልጃገረዶች ትምህርት ቤቱን ዕድሜ ልካቸውን የመሩት ዳይሬክተር ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ነውና የቀድሞ ተማሪዎቻቸው መታሰቢያ ይሁንልን ብለው ያሠሩት ነው። ፊታቸው ግን፣ ምን ልበላችሁ! እያንዳንዷ መስመር በቢላ ጫፍ የተጫረች ትመስላለች። የቆዳቸው ቀዳዳ ይቆጠራል። ሽበታቸው ሽቦ ሆኗል። በፀጉራቸውና በግድግዳው መሀል ነጭ ክር የመሰለ ነገር ዙሪያቸውን ከቧቸዋል። ኮስተር ይበሉ እንጂ ደግ ሴትዮ ናቸው፤ ፎቶው ግን ተማሪ ሊገርፍ የተነሳ ሰው ፎቶ ነው።

ዳይሬክተሯ ቀና ብለው አዩት። አላቀረቀሩም። የኮታቸውን ጫፍ ሳብ አደረጉና "አመሰግናለሁ ልጆቼ" ብለው ተቀመጡ። ድምፃቸው ግን ትንሽ ሰለል አለ።

ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንዲት ልጅ ቆማ ነበር። ያን ፎቶ በኮምፒዩተር ያስተካከለችው እሷ ናት። በምትሠራበት ስቱዲዮ በስሟ የሚጠራት የለም፤ "ጥንቅቅ" ነው የሚሏት። የሌላ ሰው ኮሌታ የተጣመመ እንደሆነ አቅንታ ነው የምታልፈው። ይህች ጥንቅቅ ያን ፊት ስታይ የበሩን መቃን ያዘች። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኳቸው? አለች በልቧ። ከመድረኩ ጎን ካሜራ አንግቶ የቆመውን ወጣት በዓይኗ ፈለገችው። እሱም እሷን እያያት ነበር። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ግን ዓይኑን ሰበር አደረገ።

ዓይኑን የሰበረው ፎቶ አንሺው ነው። "ጭምቱ" ይሉታል፤ ከአፉ ቃል ለማውጣት ጉትጎታ ስለሚያስፈልግ። የዳይሬክተሯ አንድ ልጅ ነው። ደግሞም፣ ማንም ሳያውቅ፣ የጥንቅቅ የልቧ ሰው ነው። ዓይኑን ሰብሮባት አያውቅም ነበር፤ ስለዚህ ከፎቶው ይልቅ እሱ ነው ያሳመማት።

*

የእነዚህ ሁለት ልጆች ፍቅር የተጀመረው በጭቅጭቅ ነው።

ጭምቱ ስቱዲዮው የገባ ሰሞን የሚያመጣቸው ፎቶዎች ሁሉ ካሜራው ውስጥ ጠርተው የመጡ ነበሩ። የካሜራ ነገር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁ ደግሞ ላስረዳ። ካሜራው ውስጥ ሻርፕነስ የሚሉት ቁጥር አለ። ከፍ ካደረጉት፣ ካሜራው ፎቶውን ገና እንዳነሳው ራሱ ያጠራዋል፤ ጠርዝ ጠርዙን አድምቆ ቁልጭ ያደርገዋል። ዝቅ ካደረጉት ለስለስ ያለ ፎቶ ይወጣል፤ እሱን በኋላ ኮምፒዩተር ላይ ቁጭ ብሎ በእጅ ማጥራት ነው። ጭምቱ ከፍ አድርጎ የሚያነሳ ሰው ነበር።

"ምን ነካህ?" አለችው አንድ ቀን፣ ወንበሯን አዙራ። "ካሜራህ ዓይን እንጂ ልብ የለውም። ዓይንንም ያጠራል፣ ብጉርንም ያጠራል፣ የኮት ቁልፉንም ግድግዳውንም ያጠራል። ለእሱ ሁሉም እኩል ነው። አንዴ ካጠራው ደግሞ መመለሻ የለውም። እጄን አስረህ ሥራ ትለኛለህ!"

"ፈጣን ነዋ። ሙሽሪት ስክሪኑን አይታ 'ውይ ሲያምር' ማለት ትፈልጋለች።"

"ሙሽሪትማ ትላለች። ጉዱ የእናቷን ፎቶ ያየች ጊዜ ነው።"

ጭምቱ ሳቀ። ሲስቅ መጀመሪያ ያየችው ያኔ ነው፤ ባላየሁት ኖሮ ይሻለኝ ነበር ብላለች ኋላ ለራሷ። ከዚያ በኋላ ያመጣቸው ፎቶዎች በሙሉ ለስላሳ ነበሩ። ምን ተገኘ ብላ መረጃቸውን ከፍታ ብታይ፣ ቁጥሩ ዜሮ። ሌላው ወንድ አበባ ይሰጣል፤ ጭምቱ ያንን ቁጥር ዜሮ አደረገላት። ሲጠየቅም "ማጥራቱ ያንቺ ነው" ብሎ ዝም።

ከዚያ ወዲህ እሱ ያነሳል፣ እሷ ታጠራለች። ፊቱን ታጎላዋለች፤ ዓይኑን ታጠራለች፣ ሽፋሽፍቱን፣ የከንፈሩን ጠርዝ፤ ጉንጩን ግን እንዳለ ትተወዋለች። ፎቶውን በኢንተርኔት መላክ ሲችል ሚሞሪ ካርዱን ይዞ እሱ ራሱ ይመጣል። ካርዷ የጥፍር ያህል ናት፤ እነሱ ግን ለመቀባበል ሁለት እጅ በሁለት እጅ ይሆኑ ነበር። አይ ፍቅር፤ ሰበብ አያጣ!

ችግሩ የመጣው ከሌላ ወገን ነው። የጥንቅቅ እናት ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ በዳይሬክተሯ ቤት ልብስ ያጥቡ ነበር። ጥንቅቅ ልጅ ሳለች በእናቷ ቀሚስ ተንጠልጥላ በጓሮ በር ትገባ ነበር። ጭምቱም ትዝ ትለዋለች፤ "አረፋ አፍንጫሽ ላይ አድርገሽ ነበር የማውቅሽ" ይላታል። እሱ ይህን ሲል ይስቃል፤ እሷ ግን ሌላ ወሬ ታነሳለች። ያንን አረፋ ያየች እናት ለልጇ ሚስት አድርጋ ትቀበላት ይሆን?

"ፎቶው ይሰቀልና እማዬ ደስ ይበላት፤ በማግስቱ እነግራታለሁ" ብሏት ነበር።

ይኸው ተሰቀለ።

*

ከአዳራሹ በቀጥታ ወደ ስቱዲዮው ሄደች። ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ኮምፒዩተሩን ከፈተችና የዳይሬክተሯን ፎቶ፣ እሷ ሳትነካው በፊት የነበረውን፣ አወጣች። መረጃውን ከፈተች።

ቁጥሩ ጫፍ ደርሷል።

ተቀምጣ አየችው። ዓይኗን አሸችና ደግማ አየችው። ያ ዜሮ፣ የእሷ ዜሮ፣ የለም። ለእናቱ ፊት ሲሆን ነጥቋት ሄዷል። የሙሽራውን፣ የተመራቂውን፣ የመንገደኛውን ፊት ሁሉ አምኖ የሰጣት ሰው የእናቱን ፊት ጊዜ ለካሜራው ሰጠው። ታዲያ ምን ታስብ? ለልብስ አጣቢዋ ልጅ እጅ የእናቴን ፊት አልሰጥም ብሎ ነው አለች። ሆድ ሲብስ ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል።

እሱ ሲገባ እንባዋን አላበሰችም። ከኋላው ጋሼ ተከትለውት ገቡ፤ የስቱዲዮው ባለቤት ናቸው፤ በዚያን ቀን ስልካቸው ሲጮህ ውሎ ፊታቸው ጠቁሯል።

"ቁጥሩን አየሁት" አለች ጭምቱን።

ካሜራውን ከትከሻው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ለሰው ሁሉ እጄ ይበቃል። ለእናትህ ፊት ሲሆን ግን አልታመንም። እንዲህ ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው? ንገረኛ!"

አፉን ከፈተ። ጋሼን አየ። መልሶ እሷን አየ፤ ትክ ብሎ፣ ዓይኖቿን። ከዚያ አፉን ዘጋ።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "እሷን አይናገሯት።"

"የማንም ይሁን የማን፣ ስማችን ነው የተሰቀለው!" አሉ ጋሼ። "እኔ ሴትዮዋን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

ጥንቅቅ ቦርሳዋን አነሳች። በበሩ ስታልፍ "አንተስ ይቅርታ ለመጠየቅ አትቸገር፤ እናትህ ናት። ጥፋቱን የአጣቢዋ ልጅ ትሸከመዋለች" አለችው። ክፉ ቃል ነበረች። እሷም ታውቃለች፤ ግን አንዴ ከአፏ ወጥታለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የጭምቱ ዝምታ ግን ያን ቀን ነቅዞ፣ ልቧን ይበላት ጀመር።

*

እናቷ ቤት ቁጭ ብለው ይጠብቋት ነበር። የሆነውን ሰምተዋል፤ ወሬ እግር አለው። ምንም አልጠየቋትም። "ነይ ጋደም በይ" አሏትና የዓይን ጠብታዋን አወጡ።

ዓይኗ ከታመመ ሰነባብቷል። ሐኪሙ ከስክሪን ራቂ፣ መነጽርም አድርጊ ብሏታል። እሷ ግን "ዓይኗ የደከመ አስተካካይ ማን ይቀጥራል?" ብላ መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች። ከእናቷ በቀር የሚያውቅ የለም። የለም ብላ ነበር የምታስበው።

"ያ ልጅ ምን አለሽ?" አሉ እናቷ ጠብታውን እያንጠባጠቡ።

"ማን ልጅ?"

"ኤዲያ! እኔን ነው የምትሸውጂኝ? የእትዬ ልጅ ነዋ። እዚህ መጥቶ ነበር እኮ።"

ጥንቅቅ ብድግ ልትል ስትል እናቷ ግንባሯን ይዘው መለሷት። "ጠብታው ይፈሳል፤ ተኚ! መጣና 'እማማ፣ ዓይኗን ምን ሆና ነው? ስታሸው አያታለሁ፤ ስጠይቃት አቧራ ነው ትለኛለች' አለኝ። ልጁ ሲጨነቅ አንጀቴን በላው፤ ነገርኩት። ግን አስማልኩት። ለማንም፣ ለእሷም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትል፤ ሥራዋን ታጣለች፣ እኔንም ትጣላኛለች ብዬ አስማልኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ምን ይላል። ቁጭ ብሎ ቆየና 'እንግዲህ የሚቀልላትን አደርጋለሁ' አለ። ሻይዬን እንኳ በቅጡ ሳይጠጣ ሄደ።"

ጠብታው ይሁን እንባው ከጉንጯ ወደ ጆሮዋ ወረደ። የሚቀልላትን! በር የሚያህል ፎቶ በእጅ ለማጥራት ከስክሪን ጋር ስንት መፋጠጥ እንዳለበት እሱ ያውቃል። ስለዚህ እሷ እንዳትደክም ብሎ ካሜራውን አሠራው። ቁጥሩን ከፍ ያደረገው በእጇ ስላልተማመነ አልነበረም።

እሷስ? አሁን ሁሉም ትዝ አላት። ፎቶውን የከፈተች ዕለት "እንዴት ቁልጭ ብሏል!" ብላ ነበር። ምክንያቱንም ራሷ ሰጠችው፤ እናቱ ናትና እጁ አልተንቀጠቀጠም አለች። ከዚያ ደግሞ ዓይኗ ሲደክም ሁሉም ጭጋግ መሰላትና አጠራች፤ አሁንም ጭጋግ፣ አሁንም አጠራች። ጭጋጉ ግን ዓይኗ ላይ እንጂ ፎቶው ላይ አልነበረም። ጊዜውም አጥሮ ስለነበር ሳይሞከር ታተመ፤ ተሸፍኖ ሄደ፤ ተሰቀለ። እሱ ለእሷ ብሎ አንዴ አጠራ፣ እሷ ለእሱ እናት ብላ ደግማ አጠራች፤ መሀል ቤት የእናትየው ፊት ፍዳውን አየ።

"እማ፣ ጉድ ሠርቻለሁ" አለች።

"ጉድ የሠራ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል እንጂ ተኝቶ አያለቅስም" አሉ እናቷ፣ ትራሱን ወደ አንገቷ እየገፉ። እንዲህ የሚሉት ሲያዝኑላት ነው።

*

በማግስቱ ጠዋት እግሯ ወሰዳት ብንል ይቀላል፤ ምክንያቱም ቆም ብላ ስታይ ራሷን ያገኘችው በዳይሬክተሯ ጓሮ በር ላይ ነው። የልጅነት እግር አይረሳም። ተናደደችበት፤ አጥሩን ዞራ የፊት በሩን አንኳኳች።

የከፈቱላት ዳይሬክተሯ ራሳቸው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"አንቺ ነሽ" አሉ። "ግቢ።"

ፎቶው ከአዳራሹ ወርዶ ሳሎን ውስጥ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አቁመውታል፤ እንደተቀጣ ተማሪ። ጥንቅቅ እሱን ስታይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች ቆማ። "ልጅዎ ያነሳው ደህና ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል፤ ደክሞ ሳለ ደብቄ ሠራሁ። እሱን አይቀየሙት።"

"ሆን ብላ ነው ያሉም አሉ። እናቷ እዚያ ቤት ልብስ ስታጥብ ኖራ ዛሬ ቂሟን ተወጣች ብለዋል" አሉ ዳይሬክተሯ።

"ሰው ምን ይሳነዋል!"

"እኔ ግን ሰውን አልጠየቅኩም። አንቺን ነው የምጠይቅሽ። ቂም ይዘሽብኝ ታውቂያለሽ?"

የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሲጠይቅ አይዋሽም። ጥንቅቅ ቀና አለች። "አንድ ቀን ይዤብዎታለሁ። ልጅ ሆኜ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ እንግዳ መጣብዎትና 'ልጅቷን ወደ ጓሮ ውሰጃት' አሏት እናቴን። ያን ዕለት ይዤብዎት ነበር።"

ዳይሬክተሯ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "አላስታውሰውም" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አለማስታወሴ ይብሳል" አሉ።

"ፊትዎን ስሠራ ግን ቂም አልነበረኝም፤ እውነቴን ነው። ልጅ ሆኜ ፊትዎን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። እዚያ ስክሪን ላይ ነው ያየሁዎት። ቅንድብዎ ላይ የቆየች ጠባሳ አለች። ከአፍዎ ጥግ ደግሞ አንዲት መስመር አለች፤ በአንዱ በኩል ብቻ። ቆይቼ ነው የገባኝ፤ ሳቅዎን ሲይዙት የምትመጣ ናት። ሰዎች እንዲህ ዓይነቷን አጥፊልን ይላሉ። እኔ ግን እሷን ከነካሁ እርስዎን አጠፋሁ አልኩና ተውኳት። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉንም አበላሸሁት።"

ሴትዮዋ ሳይታወቃቸው እጃቸውን ወደ አፋቸው ጥግ ሰደዱ። ያቺን መስመር ከልጃቸው አባት ሞት ወዲህ ያያት ሰው አለ ብለው አስበው አያውቁም ነበር።

በዚህ መሀል ከማድ ቤት በኩል አንድ ነገር ኳ አለ። ጭምቱ የሻይ ትሪ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ለካ ሁሉንም ሰምቷል።

"ትሪውን አስቀምጥና ቁጭ በል" አሉ ዳይሬክተሯ። "አንቺም ቁጭ በይ። ዕድሜዬን በሙሉ 'እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት' የሚሉ ልጆች ስዳኝ ነው የኖርኩት። ትናንት ማታ ይሄ መጥቶ 'እኔ ነኝ' አለኝ። ዛሬ በጠዋት ደግሞ አንቺ 'እኔ ነኝ' ትያለሽ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። እስቲ እኔን ተዉኝና እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ።"

ጭምቱ ትሪውን አስቀምጦ ተቀመጠ፤ ጥንቅቅም ተቀመጠች።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለች ጥንቅቅ በመጨረሻ። አላየችውም፤ ለትሪው ነው የተናገረችው።

"ለእናትሽ ምዬላቸው ነበር። ትናንትም ጋሼ ቆመው ነበር። ዓይንሽን ብጠራ ሥራሽ ሊሄድ ነው።"

"እኔ እኮ እጄን አላመንከውም ብዬ ነው። የአጣቢዋ ልጅ እናቴን እንዳትነካ አልክ ብዬ ነው። የማይረሳ ቃልም ተናገርኩህ።"

"እረሳዋለሁ" አለ ጭምቱ። ከዚያ፣ ያ ቃል የሚቆጥብ ልጅ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ እናቱ እያሉ ሁሉንም አወጣው። "እጅሽንማ ከራሴ እጅ ይልቅ ነው የማምነው። የፈራሁት ለዓይንሽ ነው። አንቺ ማየት ካልቻልሽ እኔ ለማን ብዬ ነው የማነሳው? ያነሳሁትን ሁሉ እኮ አንቺ እንድታዪው ብዬ ነው ያነሳሁት። የሌላውንም ሰው፣ የሙሽራውንም፣ ሁሉንም። ካንቺ ጋር ከተዋወቅኩ ወዲህ ለደንበኛ አንስቼ አላውቅም።"

ጥንቅቅ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እሱ ሊነሳ ቃጣው፤ እናቱን አየና ተመልሶ ተቀመጠ፤ ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ፣ ተነሳና ሄዶ ከጎኗ ተንበረከከ። መሀረቡን አወጣ። የካሜራ መስታወት የሚወለውልበት ጨርቅ ነበር።

"በዚህ?" አለች በእንባ መሀል።

"ንፁህ ነው። ከእኔ ልብስ ሁሉ ንፁህ እሱ ነው።"

ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። እሱም እጇን ያዘ፤ በዚያች ሚሞሪ ካርድ ሳያሳብቡ እጅ ለእጅ ሲያያዙ ያኔ የመጀመሪያቸው ነው።

"እማዬ" አለ ሳይነሳ። "ፎቶው በተሰቀለ ማግስት ልነግርሽ ያሰብኩት ነገር ነበር።"

"ነገርከኝ እኮ" አሉ ዳይሬክተሯ። ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄደዋል፤ ጀርባቸውን ሰጥተዋቸዋል። ጥንቅቅ እጇን ከጭምቱ እጅ አወጣች። አሁን ነው የሚሉት አለች በልቧ፤ አሁን ወደ ጓሮ ውሰዷት ይላሉ።

"እናትሽ" አሉ ዳይሬክተሯ ሳይዞሩ። "እዚህ ቤት ያን ሁሉ ዘመን ስትሠራ፣ በፊት በር ገብታ ታውቃለች?"

"አታውቅም እትዬ።"

"አንድ ቀንስ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ታውቃለች?"

"እሱንም አታውቅም እትዬ።"

"ቤቷን አሳዩኝ" አሉ ዞር ብለው። ዓይናቸው ቀልቷል፤ አንገታቸው ግን እንደወትሮው ቀጥ ያለ ነው። "ነይ ብዬ ሰው አልልክባትም። ራሴ ሄጄ ነው የምጠራት። ልጅሽን ለልጄ ስጪኝ የምትል ሴት በእግሯ ትሄዳለች።" ከዚያ ወደ ፎቶው አዩ። "ይሄን ደግሞ አንሱልኝና ሌላ አንሱኝ። ሁለታችሁ ሳትነጋገሩ ተራ በተራ ስትስሉኝ እኔ የማድ ቤት ቢላ ነኝ እንዴ?"

ጥንቅቅ የዚያን ቀን እንዴት ወደ ቤቷ እንደተመለሰች አታውቅም። የምታውቀው፣ ዳይሬክተሯ ኮታቸውን ለብሰው ከፊቷ ሲሄዱ እሷ ከኋላ ሆና፣ የተጣመመ ኮሌታቸውን ለማቅናት እጇን ሲያሳክካት፣ ስትፈራ፣ በመጨረሻ ግን እንዳቀናችው ነው። ሴትዮዋም ሳይዞሩ "አመሰግናለሁ" አሏት።

*

ሁለተኛውን ፎቶ ያነሷቸው በረንዳው ላይ ነው። በረንዳው ይሁን ያሉት እሳቸው ናቸው።

ብርሃኑ ለስላሳ ነበር። ጭምቱ ካሜራውን አመጣና ከምንም በፊት ለጥንቅቅ የጀርባውን ስክሪን አሳያት። ቁጥሩ ዜሮ ነው። እሷም መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣችና በሰው ፊት አደረገችው። ጋሼ ቀድመው ሰምተዋል፤ "ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም፣ ተለቅ ያለ ስክሪን እገዛልሽ አልነበር?" ብለው ነው የተቆጡት። ይኼን ሁሉ የደበቀችው ለዚህች ነው። አይ የሰው ነገር!

"እንዴት ነኝ?" አለችው መነጽሯን እያስተካከለች።

"ጥርት ብለሻል" አለ፤ ወዲያው ደግሞ አፍሮ ሌንሱን ይወለውል ጀመር።

የጥንቅቅ እናት እዚያው በረንዳ ላይ፣ ከዳይሬክተሯ ትይዩ፣ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ጫፉ ላይ ብቻ ነበር የተቀመጡት፤ ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው። "እረፊ እንጂ፣ ተደገፊ" ተብለው ተደገፉ።

"ወዴት ልይ?" አሉ ዳይሬክተሯ።

"ወደ ካሜራው እማዬ።"

"ካሜራ ሳይ ፊቴ ይደርቃል። አንቺ ልጅ፣ ነይ አጠገቡ ቁሚ። ሰው ሳይ ይሻለኛል።"

ጥንቅቅ ሄዳ ከጭምቱ ትከሻ ጎን ቆመች። ዳይሬክተሯ አዩዋት። በስክሪን ላይ ሲያዩዋት የነበሩት ዓይኖች አሁን በእውን መጥተው ያዩዋታል፤ እሷም አላቀረቀረችም።

"እትዬ" አሉ የጥንቅቅ እናት ከወንበራቸው፣ ሻያቸውን ይዘው። "ያን የልጅዎን ነጭ ሸሚዝ ሰማያዊ አድርጌ ያጠብኩብዎት ጊዜ ትዝ ይልዎታል? እርስዎ 'ፀሐይ ነው ያደበዘዘው' ብለው አልፈውታል። ፀሐይ ሸሚዝ ሰማያዊ ያደርጋል?"

ዳይሬክተሯ ሳቃቸውን ያዙት። ያቺ መስመር መጣች፤ በአፋቸው ጥግ፣ በአንዱ በኩል ብቻ። ጭምቱ ጣቱን ጫን አደረገ።

ያንን ፎቶ ጥንቅቅ እያረፈች፣ ዓይኗን እያሳረፈች፣ በእጇ አጠራችው። ዓይናቸውን አጠራች፤ ሽፋሽፍታቸውን፤ የቅንድባቸውን ጠባሳ በጣም ትንሽ። የቀረውን እንዳለ ተወችው። ሁለቱም ተያይተው "ይበቃል?" "ይበቃል" ሳይባባሉ ወደ ማተሚያው አላኩትም።

ፎቶው ዛሬ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱን የሚጎበኙ ሰዎች ዳይሬክተሯ ዓይናቸውን ከካሜራው ፈንጠር አድርገው ወደ አንድ ጎን ማየታቸውን ያስተውሉና "ማንን እያዩ ነው እንዲህ ሊስቁ የደረሱት?" ይላሉ። የሚነግራቸው የለም። ጥንቅቅ ግን ገና የተሰቀለ ዕለት ከበሩ አጠገብ፣ ያኔ መቃኑን የያዘችበት ቦታ ላይ ቆማ አይታዋለች። ጭምቱ ከመድረኩ ጎን ሆኖ ያያት ነበር፤ ዓይኑን አልሰበረም። እሷ ግን እሱን ቆይ አለችውና ቀና ብላ ፎቶው ላይ ያሉትን እትዬን አየች። አዳራሹ ሙሉ ሰው እያለ፣ ሴትዮዋ እሷን፣ እሷን ብቻ ነበር የሚያዩት። መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ጠረገች፤ ደህና አድርጋ ልታያቸው ፈልጋ ደግሞ መልሳ አደረገችው።